አትጹሚ ልንላት የሚገባን እህት

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስብከት አይደለም። ሆኖም ከመድረክ ሊነገር የሚገባው ነገር ይመስለኛል። በመድረክ ላይ የተሳሳትኩት እኔው ስለሆንኩ ከራሴ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጳጉሜን፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ ያለችው አጥቢያችን እንደ ልማዷ አዲሱን ዓመት በጾም ጸሎት ለመቀበል ሦስት ቀን አወጀች። እህል ውኃ የማይቀመስበት ጾም ነበር። ማስታወቂያውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውንም ጨመርኩበት፤ «ከትንሽ እስከ ትልቅ ማንም እንዳይቀር» አልኩ። ሕዝቡም አሜን አለ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከመዘምራኑ አንዷ፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር፣ ተንበርክካ ስትጸልይ ቆይታ ወደ ጎን ዘንበል አለች። መንፈስ የነካት መስሎን ነጠላ ጣል አደረግንባትና ጸሎቱን ቀጠልን። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። አጠገቧ የነበረች ነርስ እህታችን ነጠላውን ገልጣ ፊቷን ባታይ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ትንፋሿ ያጥራል፤ ስትስል ከደረቷ ውስጥ የውኃ ድምፅ ይሰማል። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰድናት። ደሟ አንሷል፣ ሳንባዋ ውኃ ይዟል፣ ልቧ ደክሟል አሉን። ኦክስጅን ተደረገላት። ከቀናት በኋላ በሪፈር የዓባይን በረሃ አቋርጣ አዲስ አበባ ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሷም በሕይወት አለች፤ ልጇም ዛሬ በእግሩ እየሮጠ የእሑድ ትምህርት ቤቱን ያውካል።

እኔን ያሳፈረኝ ቀጥሎ የሰማሁት ነው። ይህች እህት ልቧ ላይ ክፍተት ይዛ የተወለደች ናት። ልጅ ሳለች በምርመራ ታውቆ ክትትል ታዝዞላት ነበር። በኋላ ተጸለየላት፣ ቀለል አላት፣ በጉባኤ ፊት ምስክርነት ሰጠች። ያን ምስክርነት እኔም በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ አጨብጭቤያለሁም። ከዚያ ወዲህ ግን ልቧን ያየ ሐኪም አልነበረም። እኛም አልጠየቅናትም። ባሏ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቆሞ «ጋሼ፣ መጾም የለባትም ብላችሁ ብትነግሩኝ እኮ አስቀራት ነበር» አለኝ። የምመልስለት ቃል አልነበረኝም።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። ከልብ ችግር ጋር ለተወለደች እህት በእርግዝናዋ ወራት መብላት፣ መተኛት፣ መድኃኒት መዋጥና ሐኪም ዘንድ መመላለስ የእምነት ማነስ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ዝም ብትል ግን እሷ ዝምታውን እንደ ፍርድ ትሰማዋለች። ስለዚህ ከመድረክ፣ በማይክሮፎን፣ ሁሉም እየሰማ «አንቺ አትጹሚ» ልንላት ይገባል።

በዘፍጥረት 33 ላይ ያዕቆብና ዔሳው ሲገናኙ፣ ዔሳው አብረን እንጓዝ ይላል። አራት መቶ ሰዎች አስከትሎ የመጣ ጉልበተኛ ነው። ያዕቆብ ግን እሺ አላለም። ልጆቹ ገና ለጋ መሆናቸውን፣ ከብቶቹም የሚያጠቡ መሆናቸውን፣ በአንድ ቀን እንኳ ቢያጣድፏቸው እንደሚሞቱ ነገረው፤ እንደ እነሱ እርምጃ ቀስ ብሎ መሄድን መረጠ። ያዕቆብ በሌላ ቦታ ብዙ የሚወቀስበት አለው። እዚህ ላይ ግን እረኛ ነው። እኔ በዚያ ጳጉሜን ዔሳው ነበርኩ፤ አራት መቶው ሁሉ በአንድ እርምጃ እንዲሄድ የፈለግሁ።

ለመሆኑ በእርግዝና ጊዜ ልብ ላይ የሚደርሰው ምንድን ነው? እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ከዚያ ወዲህ ከእህታችንና ከባሏ ጋር ክትትል ስመላለስ ከባለሙያዎች አፍ የሰማሁትንና ከዚያም ያነበብኩትን ነው። ሴት ስታረግዝ በሰውነቷ ውስጥ የሚዘዋወረው ደም ከወትሮው ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ልቧ በየደቂቃው የሚገፋው ደምም ከ30 እስከ 50 በመቶ ያድጋል፤ ምቱም በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ይጨምራል። ሆዷ ገና ሳይታይ የሚጀምረው ይህ ጭነት በሰባተኛውና በስምንተኛው ወር አካባቢ ጫፉ ላይ ይደርሳል። በምጥ ጊዜ ደግሞ ይብሳል። ልጁ ከተወለደ በኋላም ማኅፀን ሲኮማተር በዚያ የነበረው ደም ተመልሶ ወደ ልብ ይጎርፋል፤ ስለዚህ ከወሊድ በኋላ ያሉት ቀናት ከምጡ ያላነሱ አስጊ ናቸው። ጤነኛ ልብ ይህን ሁሉ ችሎ ያልፈዋል። በግድግዳው ላይ ክፍተት ያለበት፣ በሩ የጠበበ ወይም ደም ሥሮቹ ተዛብተው የተሠሩ ልብ ግን ሜዳ ላይ ሳይታወቅ ኖሮ ዳገቱ ላይ ይገለጣል።

በዓለም ላይ ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ወደ 1 የሚጠጋው ከልብ ችግር ጋር ይወለዳል። በአገራችን ብዙ ወጣት ሴቶችን የሚያጠቃ ሌላ የልብ ሕመምም አለ፤ በልጅነት ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብን በሮች የሚያበላሸው ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ እኛ ግን ሁለቱንም «ልቧን ያማታል» ብለን እናልፋለን። ሕክምናቸውም ጥንቃቄያቸውም ስለሚለያይ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚታወቀውም ኢኮ በሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ነው።

በ1981 ዓ.ም. አካባቢ የልብ ሐኪሙ ዶ/ር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ሲመሠርቱ፣ በአገር ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚሠራበት ማዕከል ስላልነበረ ልጆች ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ያኔ አሥር ዓመቷ የነበረች ልጅ ዛሬ ስንት ዓመቷ እንደሆነ አስቡ። አግብታለች፤ ወይ ልታገባ ነው። የዳኑት ልጆቻችን እናቶች የሚሆኑበት ዘመን ላይ ደርሰናል ማለት ነው። ደረቷ ላይ ያለውን ጠባሳ በነጠላ ሸፍና በመዘምራኑ መካከል የምትቆም እህት በእናንተም አጥቢያ ትኖር ይሆናል። «ተሠርቶላታል፣ አልቋል» ብላችሁ አታስቡ። የተሠራ ልብም ቢሆን ከእርግዝና በፊት እንደገና መታየት አለበት።

አሁን ወደ ዕለት ኑሮው ልግባ፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነውና።

ከምግቡ እንነሳ። በእኛ አገር ነፍሰ ጡር ብዙ ከበላች ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይከብዳል ይባላል። ወተትና ገንፎ የልጁ ጭንቅላት ላይ ነጭ ሆኖ ይለጠፋል የሚሉም አሉ። በዚህ ምክንያት ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የብረት እንክብል «ልጁን ያወፍረዋል» ብላ ሣጥን ውስጥ የምታስቀምጥ ሞልታለች። ልጁን የሚጎዳው ግን የእናቱ ረሃብ ነው። ለልብ ሕመምተኛዋ ደግሞ የደም ማነስ እጥፍ ጉዳት አለው፤ ደሙ ሲሳሳ ኦክስጅኑን ለማድረስ ልብ የበለጠ መሮጥ አለበት። የጎጃም ሴት ጤፍ አላት፣ ምስር አላት፣ ጎመን አላት፣ ብትችል እንቁላልና ወተት ትጨምር። የብረት እንክብሏን በየቀኑ ትዋጥ፤ ዓይነ ምድርን ቢያጠቁር አትደንግጥ። ቡናና ሻይ ከምግቡና ከእንክብሉ ጋር አይሁን፤ ብረቱን ሰውነት እንዳይወስድ ያግዱታል። ቡና ጨርሶ ተዪ አልልም፤ አቦል ጠጥታ ቶናና በረካውን ለጎረቤት ብትተው ግን ማንም አይቀየማትም።

ጨውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ያስተማረችኝ ራሷ እህታችን ናት። ሐኪሙ ጨው ቀንሺ ሲላት ወጡ ላይ መጨመር አቆመች፤ እግሯ ግን ማበጡን አልተወም። ለካስ ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጁ ጨው አብሮ ተፈጭቶባቸዋል! ስለዚህ ለእሷ የሚሆነው ሽሮ ለብቻው ያለ ጨው ይፈጭ፤ ሲሠራ አዮዲን ያለው ጨው በቁንጥጫ ይጨመርበት። ውኃን ግን ሐኪም ካላዘዘ አትከልክሏት። በተለይ ከንፈሯና ጥፍሯ የሚሰማያዊ ዓይነት የልብ ችግር ያለባት ሴት ውኃ ሲያጥራት ደሟ ወፍሮ ሊረጋ ይችላል። ያለ ውኃ መጾም ለእሷ እሳት ነው።

ሥራው ላይ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ወንዶች ስለምንገኝበት። አንድ ጀሪካን ውኃ ሃያ ሊትር፣ ሃያ ኪሎ ማለት ነው። በስናንና በጎዛምን ገጠር ያሉ እህቶቻችን ይህን በጀርባቸው አዝለው ዳገት ይወጣሉ። ደብረ ማርቆስ ራሷ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ወደ ጮቄ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። እኛ ደገኞች ለምደነዋል፤ የሳንባዋ ደም ሥር ግፊት ያለባት ወይም ከንፈሯ የሚጠቁር ሴት ግን አትለምደውም። ታዲያ ባል ውኃ ቢቀዳ ምን ይሆናል? «ይሳቅብኛል» ይላል። ይሳቅበት! ሁለት ወንድሞች ከቤት ለቤት ኅብረታችን ተነስተው ለአንዲት ነፍሰ ጡር እህት ወሊዷ ድረስ ውኃ ሲቀዱ አይቻለሁ፤ መንደሩ በመጀመሪያው ሳምንት ሳቀ፣ በሦስተኛው ሳምንት ለመደው።

ይህ ማለት ግን ተኝታ ትዋል ማለት አይደለም። ሐኪሟ እረፊ ካላላት በስተቀር በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ መራመድ ይጠቅማታል። ልኩ ቀላል ነው፤ እየተራመደች ከጎረቤቷ ጋር ሳትቆራርጥ ማውራት ከቻለች ደህና ነው፤ ቃሉ እየተቆረጠ ከመጣ ትቁም። ሆዷ ከገፋ በኋላ በጀርባዋ ሳይሆን በግራ ጎኗ ትተኛ፤ ማኅፀኑ ትልቁን ደም ሥር እንዳይጫነው። እንጀራ ስትጋግር የምጣዱ ጭስ ሌላ ሸክም ነው። ኩበትና እርጥብ እንጨት የሚነድበት፣ መስኮት የሌለው ማድቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት የምትቀመጥ ሴት ሲጋራ አታጭስም እንላለን እንጂ ሳንባዋ ልዩነቱን አያውቅም። የሚጋግርላት ሰው ይፈለግ።

ጥርስም ጉዳይ ነው ብል ትገረሙ ይሆናል። ከድድ ቁስል የሚነሳ ተህዋስ በደም ተጉዞ በተጎዳው የልብ ክፍል ላይ ሊሰፍር ይችላል፤ ይህም ገዳይ ነው። መፋቂያም ይሁን ብሩሽ፣ ጠዋት ማታ ጥርስን ማጽዳት ልብን መጠበቅ ነው። ድድ መነቀስ፣ ጥርስን በባህላዊ መንገድ መንቀል፣ እንጥል መቆረጥ ለእሷ ጨርሶ አይሆኑም። ኮሶና ሌላም የሥራሥር መድኃኒት ሐኪም ሳትጠይቅ አትጠጣ። የወገብ ሕመም ሲጸናባት ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ገዝታ የምትውጥም አለች፤ በሰውነት ውስጥ ውኃ ያጠራቅማል፣ በተለይ ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ የልጁን ልብና ኩላሊት ይጎዳል።

የሐኪም መድኃኒትን በተመለከተ ሁለት ስህተት አያለሁ። አንዷ እርጉዝ መሆኗን ስታውቅ ሁሉንም በአንድ ቀን ትጥላለች። ሌላዋ የድሮውን ሳትጠይቅ ትቀጥላለች። እንደ ኢናላፕሪል ያለው ለፅንሱ ጎጂ ነው፤ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ልጁን ሊያበላሽ ይችላል። ግን ዋርፋሪን የምትወስድ ሴት በራሷ ብታቆመው ደሟ ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚቀየረው በሐኪም ነው፤ ቢቻል ከመፀነሷ በፊት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንኛዋም ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ክትትል ይመክራል። ለልብ ሕመምተኛዋ ስምንቱ ከዝቅተኛው በታች ነው። ልጇም የልብ ችግር ይዞ የመወለድ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል፤ ከመቶ ከሦስት እስከ አምስት ያህል ይባላል። ይህ ግን ከመቶው ከዘጠና አምስት የማያንሱት ጤነኛ ናቸው ማለት ስለሆነ አያስፈራችሁ፤ የሚቻል ከሆነ በአምስተኛው ወር አካባቢ የፅንሱ ልብ ይታይ።

እዚህ ላይ አንዳንዶች «ታዲያ ፈውስን አታምንም?» ትሉኛላችሁ። አምናለሁ። ሕዝቅያስን ተመልከቱ፤ 2ኛ ነገሥት 20። እግዚአብሔር እፈውሰዋለሁ ብሎ ከተናገረ በኋላ ነው ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥታችሁ ቁስሉ ላይ አድርጉ ያለው። ተስፋው መጀመሪያ መጣ፣ በለሱ ተከተለ፤ ማንም በለሱን የእምነት ማነስ አላለውም። ጌታችንም የለምጽ በሽተኛውን ካነጻው በኋላ ሂድና ለካህን ራስህን አሳይ አለው፤ ካህኑ በዚያ ዘመን የሚመረምረው ሰው ነበር። እኛ ግን የተጸለየላትን እህት ወደ መድረክ እንጂ ወደ ምርመራ አንልካትም። ክፍተቱ ተዘግቶ ከሆነ ኢኮው ያሳያል፤ እኛም በደስታ እንዘላለን። ካልተዘጋም እግዚአብሔር አልተዋረደም፤ ክትትሏን ትቀጥላለች። ምስክርነት የምታስተናግዱ አገልጋዮች ይህችን አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ሐኪም አይቶሻል ወይ?»

ስለ ጾምም እንደዚሁ። ኤልያስ በምግቡ ብርታት አርባ ቀን መጓዙን እንሰብካለን። ከዚያ በፊት ግን ከዛፍ በታች ደክሞ ተኝቶ ሳለ መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ እንደሰጠው እናልፈዋለን፤ 1ኛ ነገሥት 19። ወቀሳ አልነበረም፤ መብልና እንቅልፍ ነበር። የኢያኢሮስ ልጅ ከሞት ስትነሳ ጌታ ያዘዘው የምትበላውን እንዲሰጧት ነው። የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ሥርዓትም ነፍሰ ጡርን ከጾም ያግዳታል፤ ብዙ እናቶች ግን ሕሊናቸው እሺ አይላቸውምና ይጾማሉ። እኛ «ሥርዓት የለብንም፣ በጸጋ ነን» እያልን ከእነሱ የከበደ ቀንበር ማሰራችን አስገራሚ ነው።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቷል፤ ባልፈው ደስ ባለኝ። አንዳንድ ልብ እርግዝናን የማይሸከም ልብ ነው። ክፍተቱ ለዓመታት ሳይዘጋ ቆይቶ የሳንባው ደም ሥር ግፊት ጣሪያ ነክቶ፣ ደሙ አቅጣጫውን ለውጦ ከንፈር የሚጠቁርበት ደረጃ ላይ የደረሰች ሴት ካረገዘች የመሞት አደጋዋ እጅግ ከፍተኛ ነው። ሐኪሞች አታርግዢ ይሏታል። ከእኛ መካከል እንዲህ የተባለች እህት አለች። ሰርግ ከሆነ በኋላ በመጣው ዓመት ሁሉ «ማኅፀንሽ ይከፈታል» እያልን እጅ ስንጭንባት ኖረናል። እሷም ምክንያቱን ለመናገር አፍራ አሜን ስትል ኖራለች። የሳራንና የሐናን ታሪክ ሰምታ ወደ ቤቷ ሄዳ የምታለቅስ ሴት እንዳለች አናውቅም ነበር። ለእሷ የሚሆነው ጸሎት ሌላ ነው፤ ባሏ እንዲወዳት፣ አማቷ ምላሷን እንድትሰበስብ፣ ጉዲፈቻ ቢፈልጉ እንዲሳካላቸው። የወሊድ መቆጣጠሪያም ቢሆን ማንኛውም ይሆናል ማለት አይደለም፤ ኤስትሮጅን ያለው ደም ሊያረጋ ይችላልና ከሐኪሟ ጋር ትምረጥ። ጋብቻ ለሚያማክሩ ሽማግሌዎች ደግሞ እላለሁ፦ ለኤች አይ ቪ ምርመራ እንደምትልኩ፣ በልጅነቷ የልብ ሕመም የነበረባትን እጮኛ ኢኮ ላኩ። ለመከልከል አይደለም፤ ብዙዎቹ በክትትል በሰላም ይወልዳሉ። ሁለቱም አውቀው እንዲገቡበት ነው።

ስለ ወሊዱ ባጭሩ። ቤት ውስጥ መውለድ አይታሰብም፤ ጤና ጣቢያም አይበቃም። አብዛኞቹ በምጥ ሊወልዱ ይችላሉ፤ ኦፕራሲዮን የግድ አይደለም፤ ግን ደምና ኦክስጅን፣ የልብ ሐኪምም በሚገኝበት ሆስፒታል መሆን አለበት። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ባለው ግጭት መንገዱ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነው። ምጥ ሲመጣ መኪና እንፈልጋለን ማለት አይሠራም። ሐኪሟ በሚላት ሳምንት ቀድማ ትሂድ፤ እዚያ ዘመድ ከሌላት የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ስልክ ይደውል። ኮንፈረንስ ሲኖር መቶ እንግዳ እናሳድር የለም ወይ? ከወለደች በኋላም ለመውጣት አትቸኩል። አራስ ጠያቂዎችም ገንፎውን በልታችሁ ቶሎ ተነሱ፤ ትተኛበት።

እህቴ ሆይ፣ አንቺን የሚመለከት ነውና ይህን ለይተሽ ያዢ። ተቀምጠሽ ሳለ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮሽ ከእንቅልፍሽ ከነቃሽ ወይም ትራስ ደርበሽ ካልሆነ መተኛት ካቃተሽ፣ ልብሽ ያለ ምክንያት ከተንደፋደፈ፣ ራስሽን ከሳትሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ካየሽ፣ እግርሽ ብቻ ሳይሆን ፊትሽም በድንገት ካበጠ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂጂ። «ነፍሰ ጡር ሁሉ ይደክማታል» የሚሉሽን አትስሚ። ወደ እኛም ደውዪ፤ እየጸለይን መኪና እንፈልጋለን።

አጥቢያችን ዘንድሮም በጳጉሜን ጾማለች። ማስታወቂያውን ያነበብኩት አሁንም እኔ ነኝ፤ በአንደኛው መስመር ላይ የጾሙን ቀን፣ በሁለተኛው ላይ የማይጾሙትን አነበብኩ፦ ነፍሰ ጡሮች፣ አራሶች፣ መድኃኒት የሚወስዱ። ከአዳራሹ ኋላ ባለችው ክፍል ምሳ ይዘጋጅላቸው ነበር። ወጥ የሠራችው ያቺው እህታችን ናት፤ ልጇ ቀሚሷን ይዞ ይጎትታታል። የማትጾም አንዲት አሮጊት እናታችን ሽሮውን ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱና «ልጄ፣ ጨው ረስተሻል» አሏት።

«አልረሳሁም እማማ» አለቻቸው፤ «ይብሉ፣ ይለምዱታል።»